ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት በቤት ግድግዳ ላይ፦ የአንድሮሜዳ ሥዕል የተሰቀለባቸው ክፍሎች

አኅጽሮተ ጥናት

የግሪክንና የሮምን አፈ ታሪክ የሚተርክ ሥዕል በሙዚየም ሲታይና በመኖሪያ ቤት ሲሰቀል የሚናገረው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ይህ አጭር ጥናት የፔርሴዎስና የአንድሮሜዳ ሥዕል በመኝታ ክፍል፣ በቤት ውስጥ አደባባይ፣ በውጭ ግድግዳና በመታጠቢያ ክፍል የተሰቀለባቸውን የታወቁ አጋጣሚዎች በማነጻጸር፣ ክፍሉ ከታሪኩ የትኛውን ቅጽበት አጕልቶ እንደሚያወጣ ይመረምራል። መከራከሪያው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የመስቀያው ቦታ ከሥዕሉ ትርጕም ውጭ ያለ ጉዳይ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ተብላ የኖረችው አንድሮሜዳ በግድግዳ ላይ ነጭ ሆና የቀረችው በሠዓሊዎች አለማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ ሥዕሉ ከጽሑፉ ተለይቶ የቤት ጌጥ በመሆኑም ጭምር ነው የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ አንድሮሜዳ፣ አፈ ታሪክ፣ የቤት ውስጥ ሥዕል፣ ሄሊዮዶሮስ፣ ቲሺያን

መግቢያ

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዎስ ሚስት ካሲዮፔያ፣ በውበት ከባሕር አማልክት ልጆች እበልጣለሁ ብላ ትመካለች። የባሕሩ አምላክ ተቈጥቶ በአገሩ ላይ አስፈሪ አውሬ ይልካል። ልጇ አንድሮሜዳ ለአውሬው ካልተሰጠች መዓቱ አይመለስም የሚል ንግርት ስለመጣ፣ ልጅቱ በባሕር ዳር ከዐለት ጋር በሰንሰለት ትታሰራለች። የሜዱሳን ራስ ቈርጦ በአየር የሚመለሰው ፔርሴዎስ ያያታል፤ በቅድሚያ ከወላጆቿ ጋር ስለ ጋብቻዋ ተዋውሎ አውሬውን ይገድላል፤ ያገባታልም።

ከዚህ ትረካ ቢያንስ አራት የተለያዩ ሥዕሎች ሊወጡ ይችላሉ፤ የእስሩ፣ የውጊያው፣ የመፈታቱና የጋብቻው። ሠዓሊ ከአራቱ አንዱን ይመርጣል። ሥዕሉን የሚሰቅለው ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ዳግመኛ ይመርጣል፤ ምክንያቱም ያው የታሰረች ልጅ ምስል ከሙሽሮች አልጋ አጠገብ ሲሆን ስለ ጋብቻ፣ በእንግዳ መቀበያ ሲሆን ስለ ባለቤቱ ጀግንነት ወይም ሀብት፣ በልጆች ዓይን ፊት ሲሆን ደግሞ ስለ ወላጆች ጥፋት ይናገራል። በእናት አንደበት ልጅ መታሰሯ የታሪኩ ጥልቅ ቁስል ሆኖ ሳለ፣ በቤት ውስጥ ሥዕሎች ላይ ከሁሉ ያነሰ ቦታ የተሰጠው ይኸው መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

አንድ ማብራሪያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። በጥንታውያን ግሪኮች አጠራር «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ይጠቁም ነበር እንጂ ከዛሬዋ አገር ድንበር ጋር አንድ አይደለም። ሌሎች ጥንታውያን ጸሐፊዎች ደግሞ የአንድሮሜዳን ዐለት በሜድትራንያን ዳርቻ፣ በኢዮጴ ወደብ ያኖሩታል። ይሁንና ልጅቱን ከኢትዮጵያ ስም ጋር ያስተሳሰረው ትውፊት ከሁሉም በላይ ጸንቶ ኖሯል።

የሜሮኤ መኝታ ቤት

የአፈ ታሪክ ሥዕል በቤት ውስጥ ምን ሊያደርግ ይችላል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚያስደንቀው ጥንታዊ መልስ የሚገኘው በሥነ ጥበብ መጽሐፍ ሳይሆን በልብ ወለድ ነው። የኤሜሳው ሄሊዮዶሮስ በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የጻፈው «ኢትዮጲካ» ትረካውን ሁሉ ያቆመው በአንድ የመኝታ ቤት ሥዕል ላይ ነው። በሜሮኤ የነገሠው ሂዳስፔስና ንግሥቲቱ ፐርሲና ዘራቸውን ከፔርሴዎስና ከአንድሮሜዳ የሚቈጥሩ በመሆናቸው፣ የቤተ መንግሥቱ መኝታ ክፍሎች በሁለቱ ፍቅር ሥዕል ያጌጡ ናቸው። ለዐሥር ዓመት ልጅ ያጣችው ንግሥት በአንድ የበጋ ቀትር ስትፀንስ ዓይኗ ያረፈው ፔርሴዎስ ከዐለቱ በሚያወርዳት፣ ልብስ ባልለበሰችው አንድሮሜዳ ላይ ነበር። የተወለደችው ሕፃን፣ ካሪክሊያ፣ ነጭ ሆነች። ንግሥቲቱ በዝሙት እንዳትከሰስ ፈርታ ልጇን ከነማስረጃዋ ትጥላታለች፤ ለንጉሡም ሞታለች ትለዋለች። ማስረጃው በኢትዮጵያ ነገሥታት ፊደል በጨርቅ ላይ የተጠለፈ የእናት ደብዳቤ ነው።

በመጨረሻው መጽሐፍ፣ ካሪክሊያ ለመሥዋዕት በቀረበችበት አደባባይ፣ ሥዕሉ ራሱ ከግድግዳው ወርዶ ለምስክርነት ይቀርባል። ከልጅቱ ጎን ሲቆም የሁለቱን መመሳሰል ሕዝቡ ሁሉ አይቶ ይደነቃል። ሄሊዮዶሮስ ግን በዚህ አልረካም። ሕፃኗን ያነሣት ጠቢብ ሲሲሚትሬስ ክንዷን እንድታሳይ ያደርጋታል፤ በነጩ ክንድ ላይ እንደ ዞጲ የጠቈረ ምልክት ይገኛል። ሥዕሉ ስለ መልኳ ምክንያት ሲመሰክር፣ ምልክቱ ስለ ዘሯ ይመሰክራል። በሌላ አነጋገር ደራሲው ሥዕል ብቻውን ዘርን ሊያረጋግጥ እንደማይችል ያውቅ ነበር።

እናት በፀነሰች ጊዜ ያየችው ነገር በልጇ መልክ ላይ ይወጣል የሚለው እምነት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ያዕቆብ የተላጡትን በትሮች በመንጋው ፊት ያቆመበት የኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ታሪክ በዚሁ አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው። ለዚህ ጥናት ጠቃሚው የእምነቱ እውነትነት ሳይሆን፣ በዘመኑ ሥዕል መስቀል ውጤት ያለው ተግባር ተደርጎ መታየቱ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በጥቁር ንጉሣዊ ቤተሰብ መኝታ ቤት ውስጥ የተሰቀለችው ቅድመ አያት ነጭ ናት፤ ደራሲውም ለዚህ ምንም ማብራሪያ አይሰጥም። የልብ ወለዱ ምሥጢር የሚሠራው አንባቢው ነጯን አንድሮሜዳ እንደ ተለመደ ነገር ሲቀበል ብቻ ነው።

የፍሎረንስ አልጋዎች

ሊዮን ባቲስታ አልበርቲ በ1485 በታተመው የሥነ ሕንፃ ድርሰቱ ዘጠነኛ መጽሐፍ፣ ባልና ሚስት በሚገናኙበት ክፍል የከበሩና መልከ መልካም ሰዎች ሥዕል ብቻ እንዲሰቀል ይመክራል፤ ይህ ለእናቲቱ መፅነስና ለሚወለደው ልጅ መልክ ይጠቅማል ይባላልና። የሄሊዮዶሮስ ልብ ወለድ በግሪክኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በባዝል የታተመው በ1534 ስለ ሆነ የአልበርቲ ምክር ከኅትመቱ ቀደም ያለ ነው። ሁለቱ የሚጋሩት ሐሳብ በዘመኑ የሕክምናና የቤት አስተዳደር ዕውቀት ውስጥ በሰፊው የሚታወቅ ነበር።

በዚህ ድባብ ውስጥ ነው ፒዬሮ ዲ ኮዚሞ ለስትሮዚ ቤተሰብ የፔርሴዎስንና የአንድሮሜዳን ታሪክ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሣለው። ሥራው በ1510 እና በ1515 መካከል እንደ ተሠራ ይገመታል፤ አሁን የሚገኘው በፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ነው። ቁመቱ 70፣ ስፋቱ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ለመኖሪያ ክፍል መሠራቱን ይጠቁማል። በዘመኑ ፍሎረንስ እንዲህ ያሉ አግድም የረዘሙ ሰሌዳዎች በግድግዳው የእንጨት ልባስ ውስጥ፣ በሰው ትከሻ ከፍታ ላይ ይገጠሙ ነበር። ተመልካቹ ቀርቦ፣ ከዳር እስከ ዳር እየተራመደ የሚያነበው ሥዕል ነው። ፔርሴዎስ በላይ ይበርራል፤ ያው ፔርሴዎስ በመካከል በአውሬው ጀርባ ላይ ቆሞ ሰይፉን ያነሣል፤ በአንዱ ጥግ የሚያለቅሱ፣ በሌላው ጥግ ደስ የሚላቸው ሰዎች ይታያሉ። ከሐዘን ወደ ደስታ የሚሸጋገር ይህ ሰልፍ የጋብቻ ክፍልን ይስማማል። አስጨናቂው አውሬ እንኳ ከቀንዱና ከተጠቀለለ ጅራቱ የተነሣ ከማስፈራት ይልቅ ያስቃል።

ከሁሉ የሚያነጋግረው ግን የሰዎቹ መልክ ነው። ሠዓሊው አገሩ ሩቅ መሆኑን አልዘነጋም፤ ጥምጥምና እንግዳ አልባሳት ሞልተውታል፤ ከፊት ለፊት እንግዳ የሙዚቃ መሣሪያ የያዘ ጥቁር ሙዚቀኛም አለ። አንድሮሜዳ ግን ነጭ ናት። ይህ አከፋፈል አዲስ አልነበረም። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አጋማሽ ገደማ በአቴና በተሠራና ዛሬ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በሚገኝ ማሰሮ ላይም፣ የምሥራቅ ልብስ የለበሰችው ልዕልት ነጭ፣ የሚያገለግሏት ሰዎች ደግሞ ጥቁሮች ናቸው። ሁለቱን ሥራዎች ሁለት ሺህ ዓመት ይለያቸዋል፤ መፍትሔያቸው ግን አንድ ነው፤ አገሩን በአጃቢዎቹ ያሳዩና ልዕልቲቱን ለተመልካቹ ያስጠጋሉ።

ቲሺያንና ያልተገኘው ክፍል

ቲሺያን ለስፔኑ ፊሊጶስ 2ኛ የሠራቸው «ግጥሞች» ተብለው የሚጠሩ የአፈ ታሪክ ሥዕሎች ስለ ቤት ውስጥ አሰቃቀል ከሠዓሊው ከራሱ የተገኘ ማስረጃ አላቸው። በ1554 ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ዳናኤ ከፊት ለፊት ስለምትታይ በቬነስና አዶኒስ የሴቲቱን ጀርባ እንዳሳየ፣ ይህም ሥዕሎቹ የሚሰቀሉበትን ክፍል የበለጠ ደስ የሚያሰኝ እንደሚያደርገው ይገልጻል፤ ሌላ አቅጣጫ የሚያሳይ ፔርሴዎስና አንድሮሜዳ በቅርቡ እንደሚልክም ያክላል። ሠዓሊው እያንዳንዱን ሥዕል ለብቻው ሳይሆን እንደ አንድ ክፍል ዕቃ ያስብ ነበር ማለት ነው። ይሁንና ፊሊጶስ በዚያ ጊዜ ቋሚ ቤተ መንግሥት አልነበረውም፤ ቬነስና አዶኒስም ለንደን ሲደርስ ሸራው በመታጠፉ በመካከሉ መስመር ወጥቶበት ንጉሡን አሳዝኖታል። ቲሺያን በሐሳቡ ያየው ክፍል በአንድ የተወሰነ ሕንፃ ውስጥ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም።

ኋላ በማድሪዱ አልካሳር የነበረው ሁኔታ የቤቱን ሌላ ገጽታ ያሳያል። በ1626 ቤተ መንግሥቱን የጐበኘው ጣሊያናዊው ካሲያኖ ዳል ፖዞ፣ ንግሥቲቱ በምታልፍበት ጊዜ ራቁት ሰውነት የሚያሳዩት የቲሺያን ሥዕሎች ይሸፈኑ እንደነበር መዝግቧል። ሥዕሉ አንድ ነው፤ የተመልካቹ ማንነት ሲቀየር ግን መጋረጃው ይወርዳል። ለሙዚየም ተመልካች እንዲህ ያለው መጋረጃ የለም፤ ለቤት ግን ከክፈፉ ያላነሰ አስፈላጊ ዕቃ ነበር።

የአንድሮሜዳው ሸራ ጕዞ ከሌሎቹ ይለያል። ከስፔን ወጥቶ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሠዓሊው የቫን ዳይክ ንብረት ሆነ፤ በፈረንሳይ ስብስቦች ካለፈ በኋላ በ1815 የሄርትፎርድ ማርኪስ ገዛው። በሰር ሪቻርድ ዋላስ ዘመን በለንደኑ ሄርትፎርድ ሐውስ የተሰቀለው በመታጠቢያ ክፍል ነበር፤ የታላቁ ሠዓሊ ሥራ መሆኑም ተዘንግቶ ነበር። ስብስቡ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት በ1900 ዓመት፣ የመጀመሪያው ኃላፊ ክላውድ ፊሊፕስ የቲሺያን እጅ መሆኑን አሳወቀ። የባሕር ሥዕል ለመታጠቢያ ክፍል ይስማማል ብሎ የሰቀለው ሰው በርእሰ ጉዳዩ አልተሳሳተም ይሆናል። እንፋሎትና የሙቀት መለዋወጥ ግን የሸራንና የዘይት ቀለምን መያያዝ የሚያላላ በመሆኑ፣ ከሥዕል ጥበቃ አንጻር ከዚህ የከፋ ክፍል ማግኘት ያዳግታል። ሸራው ከስብስቡ ወጥቶ በውሰት ለሌላ ቤተ መዘክር የተሰጠው በ2020 በለንደን ናሽናል ጋለሪ ስድስቱ «ግጥሞች» በአንድነት በታዩ ጊዜ ነው።

ከግድግዳው ፊት ለፊት ያለው

በፖምፔ በዲዮስኩሪ ቤት ውስጥ፣ በዐምዶች በተከበበው አደባባይ፣ ፔርሴዎስ አንድሮሜዳን እጇን ይዞ ከዐለቱ ሲያወርዳት የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ አውሬው ሞቶ ወድቋል። በዚያው አደባባይ ሜዲያ ልጆቿን ልትገድል ስታስብ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል ነበር። ሁለቱም አሁን በኔፕልስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይገኛሉ። በአደባባዩ የሚዘዋወር እንግዳ የዳነችውን ሙሽራና የከዳትን ባል የምትበቀለውን ሚስት በአንድ ጕብኝት ያያል። በሁለቱም ታሪክ እንግዳ ጀግና መጥቶ የባዕድ ንጉሥ ልጅ ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ጋብቻ ጸንቷል፣ ሌላው በደም አልቋል። ሁለቱ ሥዕሎች ለየብቻ በሙዚየም ሲታዩ ይህ ንግግር ይቋረጣል።

በቦስኮትሬካሴ በነበረው የአግሪጳ ቤተሰብ ቪላ ደግሞ አንድሮሜዳ ከኪክሎፑ ፖሊፌሞስና ከጋላቴያ ሥዕል ጋር ተጣምራ ነበር፤ ሁለቱም ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ናቸው። በሰፊው ሰማያዊ አረንጓዴ ባሕር መካከል ልጅቱ ትንሽ ናት፤ በግራ ፔርሴዎስ ይበርራል፤ በቀኝ ከአባቷ ጋር ይነጋገራል። እዚህ የሚያስጨንቀው አውሬው ሳይሆን ርቀቱ ነው።

ሩበንስ በአንትወርፕ በሚገኘው ቤቱ የመረጠው ፈጽሞ ሌላ መንገድ ነው። በ1684 እና በ1692 የታተሙ ምስሎች እንደሚያሳዩት፣ ፔርሴዎስና አንድሮሜዳ በግቢው በኩል ባለው የቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ፣ ልክ ለመድረቅ የተሰቀለ አዲስ ሸራ መስሎ ተሥሎ ነበር። ሊገዛ የመጣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ይታለላል፤ መታለሉንም ሲያውቅ የባለቤቱን ሙያ ያደንቃል። እዚህ ሥዕሉ ስለ ጋብቻ ሳይሆን ስለ ሥዕል ይናገራል።

የቀለሙ ጥያቄ

ኦቪድ በ«ለውጦች» አራተኛ መጽሐፍ የልጅቱን መልክ አይናገርም፤ ነፋስ ጠጕሯን ባያንቀሳቅሰውና ዕንባዋ ባይፈስ ፔርሴዎስ የእብነ በረድ ሐውልት ባላት ነበር ይላል እንጂ። በሌሎች ሥራዎቹ ግን ጥቁር መሆኗን በግልጽ ያነሣል። የሕዳሴ ሠዓሊዎች እጅግ የተጠቀሙት የመጀመሪያውን መጽሐፍ ነው፤ እብነ በረድ የሚለው ንጽጽርም ነጭ ሰውነትን ለመሣል ምቹ ሰበብ ሆነ። የቬላስኬዝ አማት የሆነው ፍራንሲስኮ ፓቼኮ በ1649 በታተመው ድርሰቱ፣ ጽሑፎቹ ጥቁር የሚሏት ልዕልት ስለ ምን ነጭ ሆና ትሣላለች ብሎ ጠይቋል። ኤልሳቤት ማግራት በ1992 ባሳተመችው ጥናት ጥያቄውን በስፋት መርምራዋለች።

ከዚያ በኋላ ከታወቁት ጥቂት ጥቁር አንድሮሜዳዎች አንዷ በአብርሃም ቫን ዲፔንቤክ ንድፍ መሠረት የተቀረጸችው ናት። ይህች በመጽሐፍ ገጽ ላይ፣ ከጽሑፍ ጋር የታተመች መሆኗ እንደ አጋጣሚ መታለፍ የለበትም። የመጽሐፍ አንባቢ የልዕልቲቱን አገር ከምስሉ አጠገብ ያነባል፤ ምስሉ ከጽሑፉ ጋር ካልተስማማ ያስታውቃል። የመኝታ ቤት ሥዕል ግን ከአጠገቡ ጽሑፍ የለውም። ተመልካቹ የሚያየው የሚወዳትን ወይም ሊመኛት የተፈቀደለትን ሴት ነው፤ ባለቤቱም ያንን መልክ ከራሱ ቤት ሴቶች አርቆ እንዲሣልለት አይሻም። የአልበርቲ ምክር ይህን ዝንባሌ የሚያጠናክር ነው፤ ሥዕሉ የሚወለደውን ልጅ መልክ ይወስናል ብሎ ለሚያምን ቤተሰብ የአንድሮሜዳ ቀለም የቤቱ የዘር ጉዳይ ይሆናል። ሄሊዮዶሮስ በልብ ወለድ የፈራው ነገር በፍሎረንስ የቤት ዕቃ መምረጫ መስፈርት ሆነ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የዛሬ ግድግዳ

ዛሬ እነዚህ ሥዕሎች ወደ ቤት የሚገቡት በኅትመት ቅጂ ነው። ቅጂ መጠንን ይሽራል። የቲሺያን ሸራ 175 በ189.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድሮሜዳ በሰው ቁመት ልክ በግራ ዳር ቆማ፣ ፔርሴዎስ ከላይ ቍልቍል ሲወረወር፣ ተመልካቹ ከመካከላቸው የቆመ ያህል ይሰማዋል። ይኸው ሥዕል 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጀግናው ወፍ ያክላል፤ የቀረው የታሰረ ራቁት ሰውነት ብቻ ይሆናል። የቦስኮትሬካሴው ግን ከመጀመሪያው የርቀት ሥዕል ስለ ሆነ በትንሽ ክፍል ብዙ አይጐዳም። የፒዬሮ ሰሌዳ ደግሞ ከሶፋ በላይ ከፍ ተደርጎ ሲሰቀል ያንን የሚያለቅስና የሚደሰት ሕዝብ ማንበብ አይቻልም፤ መተላለፊያ ኮሪደር ላይ፣ በዓይን ልክ ቢሆን ይሻለዋል።

በኢትዮጵያውያን ቤት፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ፣ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚመሳሰል ምስል ከጥንት ጀምሮ ተሰቅሎ ይኖራል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕል ማለት ነው። የቅዱሱ መቃብር አለባት የምትባለው ልዳ አንድሮሜዳ ታስራባታለች ከተባለችው ኢዮጴ ብዙም አትርቅም፤ ምሁራንም የሁለቱን ታሪኮች መቀራረብ ደጋግመው አንሥተዋል። መመሳሰል የትውልድ ሐረግ ማስረጃ አይሆንም፤ ሥዕሎቹም በቤት ውስጥ ያላቸው አገልግሎት ይለያያል። አንዱ የሚጸለይበት፣ ሌላው የሚታይ ነው። የአሣሣሉ ልዩነት ግን ለዚህ ጥናት ጥያቄ ቀጥተኛ ጠቀሜታ አለው። በኢትዮጵያ የሥዕል ትውፊት ለዘንዶው የተሰጠችው ልጅ፣ ብሩታዊት፣ በሰንሰለት አትታሰርም፤ ልብሷን እንደለበሰች በዛፍ ላይ ተቀምጣ የሚሆነውን ትመለከታለች። በዚህም ምክንያት ሥዕሉ በየትኛውም ክፍል፣ በማንም ፊት ሊሰቀል ይችላል፤ ንግሥት ስታልፍ የሚወርድ መጋረጃ አያስፈልገውም።